የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ፊት

ወንድሜ አንቴልም ሰው ሲስል ከእጅ ይጀምር ነበር። ሌሎች ሰዓሊዎች ከራስ ወይም ከትከሻ ሲነሱ አይቻለሁ። እሱ ግን መጀመሪያ ወረቀቱ መሃል ላይ ሁለት እጅ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ እጆቹ የያዙትን ነገር፣ ከዚያ ክንዱን፣ ትከሻውን፣ የካፖርቱን እጥፋት። ፊት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ጊዜ ከተረፈ።

ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። የሚስለው የመንገድ ሙዚቀኞችን ነበር። የመንገድ ሙዚቀኛ ሦስት ዜማ ተጫውቶ ወደሚቀጥለው ግቢ ያልፋል፤ ትንሽ ቆይልኝ አይባልም። የሚስለውም በብርዕና በቀለም ነበር፤ ቀለም እንደ እርሳስ በላጲስ ስለማይጠፋ፣ አንዴ ያሰመሩት መስመር እዚያው ይቀራል።

«እጁን እዚያው ካልያዝኩት ቤት ገብቼ አላገኘውም» ይለኝ ነበር።

«ፊትስ?» ስለው፣

«ፊትማ የትም አይሄድም» ይላል።

አንቴልም የተወለደው በሎዋር ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እኔ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን የወይን በርሜል ሠሪ ነበር። ወንድሜ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ፓሪስ መጥቶ ካርታ የሚታተምበት ቤት ተቀጠረ። ሥራው በካርታው ላይ የቦታ ስም መጻፍ ነበር። የወንዝ ስም ዘመም ተደርጎ ይጻፋል፣ የመንደር ስም ቀጥ ብሎ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሠራ። ስማቸውን ከጻፋቸው ቦታዎች አንዱን እንኳ ሄጄ ልየው ሲል አልሰማሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራው ሲያልቅ የቀለም ጠርሙሱን በክር ከሰደርያው ቁልፍ ጋር አስሮ፣ ጥቂት ወረቀት በካርቶን ላይ ቆንጥጦ ሙዚቀኛ ፍለጋ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሊያገባ ነበር። ልጅቷ ሐሳቧን ቀየረች፤ እሱም አልተከራከረም።

ባሌ ሲሞት እኔ እሱ ዘንድ ገባሁ፤ ሜኒልሞንታን የሚባል የፓሪስ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን። ብርዖቹን ራሱ ነበር የሚሠራው። በመከር ወደ ማርን ወንዝ ዳር ሄዶ መቃ ይቆርጣል፤ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በእኔ የሽንኩርት ቢላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀርጸዋል። ቢላዬን ያደነዝዝብኛል ብዬ ስንት ጊዜ ጮህኩበት። ቀለሙን በጥላሸትና በሙጫ ይበጠብጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ያፈሰሰውን ደግሞ እኔ በጨርቅ እሸፍናለሁ። ባለፈው መጋቢት ነው የሞተው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቁ አሁንም አለ።

አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለአራት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ሥዕሎቹን ያወጣለት ነበር። ኋላ ፎቶ ይሻላል አሉና ተዉት። አንቴልም ግን በዚያም ሐሙስ እንደወትሮው ጠርሙሱን አስሮ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ብዙ የምነግራችሁ ነገር የለውም። ይህን አንድ ቀን ግን እነግራችኋለሁ፤ ያን ቀን በሥራው ሲጨነቅ አይቼዋለሁ።

ወደ ግቢያችን ማክሰኞና ዓርብ የሚመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ ባዚል አኮርዲዮን ይጫወታል፤ እሷ ፍላቪ ትዘፍናለች። ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ጎን ለጎን ይቆሙና ወደ መስኮቶቹ ዞረው ይጀምራሉ። ሰው መስኮቱን ከፍቶ ይሰማል፤ የወደደ በወረቀት የጠቀለላትን ሳንቲም ይወረውራል። ፍላቪ ድምጿ የሻከረ ነው፤ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የታመመ ሰው ካለ እንዴት ነህ ብላ በዘፈኑ መሃል ትጠይቀዋለች። ባዚል ዝምተኛ ነበር። ባርኔጣው ሰፊ ነው፤ ጠርዙ እስከ ቅንድቡ ይወርዳል። አሥራ አንድ ዓመት መጡ። አሥራ አንድ ዓመት አንቴልም የልብስ ማጠቢያውን ግድግዳ ተደግፎ ሳላቸው።

ባዚል በጥር ወር በሳንባ ምች ሞተ። ቀብሩ ላይ ተገኘን። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ፣ ምሳ በልተን ሳህኑን ሳጥብ፣ በሩ ተንኳኳ። ፍላቪ ናት። ጥቁር ለብሳለች። አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ማዳም ፍላቪ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኳት።

«ከተቀመጥኩ አልነሳም» አለችና ተቀመጠች። ቀጥላ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ሙሴ አንቴልም፣ የባዚልን ፊት ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ፊት?» አለ አንቴልም።

«አዎ፣ ፊት። ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሲስሉት አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ አንዱን ቢሰጡኝ ምንም አይጎድልብዎትም።»

«የፈለጉትን ይውሰዱ። አሥርም ቢሆን ይውሰዱ።»

አልጋው ሥር ያሉትን ሦስት የካርቶን ማቀፊያዎች አወጣ። ክሩን ፈታና ሥዕሎቹን አልጋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ ዘረጋቸው። እኔ እጄን በሽርጤ ጠርጌ መጣሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ ሲዘረጋ አይቼ አላውቅም ነበር። የባዚል ጣቶች በቁልፎቹ ላይ፤ የአኮርዲዮኑ ወናፍ ተዘርግቶ፣ ተሰብስቦ፤ ማንገቻው ትከሻውን ሲጎትተው፤ ክርኑ ላይ የተጣፈችው ጨርቅ። ጣቶቹ በእውነት የሚንቀሳቀሱ ይመስሉ ነበር።

ፍላቪ ተነስታ አንድ በአንድ አየች። ቀስ በቀስ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ባርኔጣ ነው» አለች። «ይሄም ባርኔጣ ነው። ይሄ ከኋላ ነው። ይሄ... ባርኔጣ። ይቺ ደግሞ ርግብ ናት።» ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «ሙሴ አንቴልም፣ ርግቧ እንኳ ዓይን አላት!»

አንቴልም ጎንበስ ብሎ ርግቧን አያት።

«እኔንማ አፌን እንደበለቀጥኩ አስቀምጠውኛል። ጥርሴን መቁጠር ይቻላል። የወለቀው ሳይቀር አለ።»

«እርስዎ ሲዘፍኑ ቀና ስለሚሉ ነው» አለ ወንድሜ በትንሽ ድምፅ። «እሱ ያጎነብሳል።»

«ፎቶ የለም ወይ?» አልኳት እኔ።

ፍላቪ እንደገና ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መዝጊያውን ደጋግማ ከፈተች፣ ዘጋች።

«አንድ ነበረ። የመንገድ ፈቃዱ ላይ የተለጠፈችው። ታውቁ የለ፣ ያለ እሷ ፖሊስ አያስጫውትም። ሠላሳ ዓመት ከቤት ሲወጣ በሩ ላይ ‹ወረቀትህን ይዘሃል?› እለዋለሁ። እሱም ደረቱን መታ መታ ያደርጋል።» ቦርሳዋን ዘጋች። «ሲሞት ያንን ጥሩውን ኮቱን አለበስኩት። ቁልፉን ቆለፍኩለት። ከዚያ ፈቃዱን ከመሳቢያ አወጣሁና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ሳላስበው። ሊወጣ ነው፣ ፖሊስ ቢያስቆመውስ ብዬ። ትዝ ያለኝ አፈር ከተመለሰ በኋላ ነው።»

እሷ ቀድማ ሳቅ አለች፤ እኛም ፈራ ተባ እያልን ተከተልናት።

«እዚያም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይጫወትም ማለት ነው» አለች። ሳቋን አቋርጣ ቀጠለች፦ «ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ስነሳ ይመጣልኝ ነበር፣ ሙሉው ፊት። አሁን ሲመጣ አፍንጫው ይመጣና ዓይኑ አይመጣም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጢሙን ብቻ አገኘሁ። ሳይጠፋብኝ ልያዘው ብዬ ነው።»

አንቴልም ጠረጴዛው ላይ ቦታ አጸዳ። አዲስ ወረቀት አወጣ፤ ብርዑን ነከረ። ያን ያህል ጊዜ የሳለውን ሰው በቃሉ መሳል ምን ይከብዳል ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ሁለቱን እጆች በአንድ ትንፋሽ አስቀመጣቸው። ቀጥሎ ወናፉን፣ ማንገቻውን፣ ትከሻውን። አንገቱ ጋ ሲደርስ ብርዑ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ፊት ሠራ።

ፍላቪ አየችው። «ይሄ ቄስ ነው» አለች።

ሁለተኛ ወረቀት። እጅ፣ ወናፍ፣ ማንገቻ፣ ትከሻ። ፊት።

«ይሄ የሥጋ ሻጩ ወንድም ነው።»

ሦስተኛው ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሲጨርስ ወረቀቱን ራሱ ወደ እሷ ገፋው።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«ባዚል ነዋ።»

«ይሄ የባዚልን አኮርዲዮን የሰረቀ ሰው ነው።»

ወንድሜ ብርዑን አስቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል።

«ማዳም ፍላቪ፣ ዓይኑ ምን ዓይነት ነበር?»

ሴትዮዋ ደንግጣ አየችው። «ምን ማለት ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ሲያዩ ነበር?»

«እጁን» አለ።

ይህን ያለው እንደ ጥፋተኛ ነው። የሁለቱንም ፊት ማየት ከበደኝና ሐሳብ አመጣሁ፤ ጎረቤት እንጠይቅ አልኩ። ግቢው ሙሉ ሰው ሰምቶታል፣ አንዱ አይቶት ይሆናል። ወርደን ጠየቅን። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ባርኔጣውን ታውቃለች፤ ከላይ ጎድጎድ ብሎ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል አለች። ሦስተኛ ፎቅ ያለው በሽተኛ የባርኔጣውን ሪባን ቀለም ነገረን። ሰው ሁሉ ከላይ ነበር ያየው። በመጨረሻ የግቢው በር ጠባቂ ማዳም ኢርማ ጋ ሄድን። እሷ ምድር ቤት ናት፤ ቧንቧው በሯ ላይ ነው።

«ባዚልን?» አለች መጥረጊያዋን ተደግፋ። «እንዴ፣ በደንብ ነዋ የማውቀው! የቀኝ ጫማው ተረከዝ በውጭ በኩል ያለቀ ነው። ክሩ ቡናማ፣ የግራው ግን ጥቁር።»

«ፊቱን ነው የጠየቅንሽ፣ ኢርማ» አለ አንቴልም።

«እኔ የምጠርግ ሰው ነኝ፣ አንተ ሰውዬ። ከጉልበት በላይ ለማየት ጊዜ አለኝ እንዴ? ያንተንም ፊት የማውቀው ቁልፍህን ረስተህ ስታንኳኳብኝ ነው።» ከዚያ ወደ ፍላቪ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጎረቤት ምን ያውቃል? ሚስቱ አንቺ ነሽ።»

«እኔም ስንጫወት አላየሁትም» አለች ፍላቪ። «ጎን ለጎን ነበርን። ሁለታችንም ወደ መስኮት ነበር የምናየው።»

ተመልሰን ወጣን። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ ሊሄድ ነው። ባሮ ሽንኩርትና ድንች ከትቼ ሾርባ ጣድኩ፣ ሰው እንዲሁ አይለቀቅም ብዬ። አንቴልም አራተኛ ወረቀት አወጣ። ብርዑን ነክሮ እንደ ልማዱ ወረቀቱ መሃል ላይ ወደ እጆቹ ቦታ ሲያመራ አየሁት።

«አኮርዲዮኑን አውርድለት» አልኩት።

«ምን?»

«ሁልጊዜ አኮርዲዮኑን ታስይዘዋለህ። ከዚያ በላዩ ሌላ ሰው ይወጣበታል። አውርድለት።»

ተቆጣ። አንቴልም ብዙ አይቆጣም። «እትዬ፣ ያለ አኮርዲዮን ባዚልን አላውቀውም። ያለ አኮርዲዮን እኮ ማንም ሰው ነው!»

«እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለች ፍላቪ።

ወንድሜ ብርዑን እንደያዘ ቀረ። ጫፉ ላይ የነበረችው ጠብታ ወደቀችና ወረቀቱን አበላሸች። ያን ወረቀት አንስቶ ሌላ ዘረጋ። ከዚያ ሲያደርግ አይቼው የማላውቀውን አደረገ፤ የቡና ስኒ ላይ ውሃ ቀድቶ ቀለሙን አቀጠነው። ልክ እንደ ሻይ ገርጥቶ፣ ስህተት ቢሆን እንኳ በላዩ መድገም እንዲቻል።

«ይንገሩኝ» አላት። «አኮርዲዮኑ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ቤት ገብቷል። ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል? ሾርባውን ይቀምሳላ።»

«ከዚያስ?»

«ጨው ያንሰዋል። ሁልጊዜ ጨው ያንሰዋል። ግን አይናገርም። ዝም ብሎ ያየኛል።»

«እንዴት ነው የሚያየው?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት?» አለችና ተናደደች። «እንዲህ ነዋ!»

ፊቷን ለወጠችው። አገጯን ወደ አንገቷ ሰበሰበች፤ የግራ ዓይኗን ቆብ ግማሽ ዘጋች፤ ከንፈሯን አንድ ጎን ጠጋ አድርጋ ቅንድቧን አነሳች። አንድ ሰው ቅር ብሎት፣ ግን ቅር እንዳለው መናገር ሳይፈልግ፣ ደግሞም ትንሽ ሳቅ እየመጣው። ያን ፊት አይቼው አላውቅም፤ የፍላቪ ፊት አለመሆኑን ግን ወዲያው አወቅሁ።

«እንዳይነቃነቁ» አለ አንቴልም።

«ሾርባው እስኪበርድ?»

«አፍዎንም አይክፈቱ። የእሱ አፍንጫ ከእርስዎ ይረዝማል?»

«ይረዝማል፤ ወደ ግራም ያጋድላል። ከሳጥን መዝጊያ ጋር ተጋጭቶ ነው።»

«ጢሙ?»

«ያለ መስታወት ነው የሚቆርጠው። ቀኙ ሁልጊዜ ያንሳል።»

እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ። እሷ ፊቱን ትይዝለታለች፤ ሲደክማት ጉንጯን አሽታ እንደገና ትይዝለታለች። እሱ ከግንባር ጀመረ። ዓይኖቹን በቀጭኑ ቀለም አስቀመጠ፤ ቀጥሎ በወፍራሙ ደገማቸው። ድስቱን ማማሰል ተውኩ። ግማሽ ሰዓት የቆየ ይመስለኛል።

ወረቀቱን ሲያዞርላት ፍላቪ አልቀረበችም። ከወንበሯ ሆና አንገቷን አሰገገች።

«ጆሮው የሱ አይደለም» አለች።

«ላስተካክለው እችላለሁ።»

«ተዉት። ጆሮውን እኔም አላስታውሰውም፤ እሱ አይደለም የሚለውን ብቻ ነው የማውቀው።» ተነስታ ቀረበች። ረጅም ጊዜ አየችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ መልሳም አወረደች። «አሁን በዚህ በር ቢገባ አልደነግጥም» አለች። «እግርህን ጥረግ እለዋለሁ እንጂ አልደነግጥም።»

አንቴልም ትንፋሹን ለቀቀ። ከደረቱ በታች ወረቀቱ ባዶ ነበር። ብርዑን በወፍራሙ ቀለም ነክሮ ወደዚያ ባዶ ቦታ ወረደ፤ ሁለቱን እጆች ሊያስቀምጥ። ፍላቪ የእጁን አንጓ ያዘችው።

«እጁን ይተዉት።»

«ያለ እጅ?»

«እጁ እርስዎ ጋ ሞልቷል» አለች፣ አልጋውን በአገጯ እያሳየች። «ይሄ የኔ ነው።»

ብርዑን ስኒው ውስጥ ጨመረው።

ሾርባውን በላን። ጨው ያንሰው እንደሆነ ማንም አልተናገረም። ሙጫ የበዛበት ቀለሙ እስኪደርቅ ይደሩ ብንላት፣ ወይም በቀለም መምጠጫ ወረቀት እንጫነው ብንላት እምቢ አለች፤ መምጠጫው ዓይኑን ቢወስደውስ አለች። ሥዕሉን በሁለት እጇ፣ ልክ ሙሉ ሳህን እንደሚያዝ አግድም ይዛ ተነሳች። ካፖርቷን እኔ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ደረጃውን በጎን፣ አንድ በአንድ ወረደች፤ እኔ ከፊቷ ሆኜ በር እከፍታለሁ፣ መብራት አበራለሁ፣ አንቴልም ከኋላ ቦርሳዋን ይዟል።

ምድር ቤት ስንደርስ ኢርማ ከክፍሏ ወጣች። እጇን ጠርጋ አንገቷን በወረቀቱ ላይ አሰገገች።

«እንዲህ ነበር እንዴ ፊቱ?»

«እንዲህ ነበር» አለች ፍላቪ።

ኢርማ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄን ይዞ ነው ባርኔጣ የሚደፋው? ይሄን ይዞ? ዓይኑ እኮ ሰው ያስቃል!» እንደገና አየችውና «ምነው አንድ ቀን እንኳ ቀና ባለ» አለች።

«ንገሪው» አለች ፍላቪ፣ ወረቀቱን ትንሽ ከፍ አድርጋ። «ሠላሳ ዓመት ነግሬዋለሁ፣ እኔን አይሰማኝም።»

ትልቁን በር በትከሻዬ ገፍቼ ከፈትኩላት። ወጣች። ወንድሜ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠለጠለላት፣ ሁለቱም እጇ ተይዞ ነበራ። እሑድ ስለነበረ መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል። አንዱ ሊገፋት ሲል «ቀለሙ እርጥብ ነው!» ብላ ጮኸችበት፤ ያ ሰውም ባርኔጣውን አንስቶ ገለል አለላት። ጥግ እስክትታጠፍ ድረስ አንቴልምና እኔ በሩ ላይ ቆመን አየናት።